ለትንሽ ካሊበር ጠመንጃ የትኛው አረር? ፍጥነቱን ለጊዜው ተዉት

የጥይት ካርቶን ስታነሱ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ፍጥነቱ ላይ ነው። «በሰከንድ ከ1,200 ሜትር በላይ» የሚል ነገር በደማቅ ቀለም ተጽፎ ታያላችሁ። ቁጥሩ ያማልላል። ፈጣን ከሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ ከሄደ ይመታል ብሎ ማሰብ ደግሞ ቀላል ነው። ብዙ ሰው በዚህ ሒሳብ ይገዛል። ከዚያ ዒላማው ወረቀት እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ሲያገኘው ጠመንጃውን ይረግማል። ጠመንጃው ግን ጥፋት የለበትም። የማይስማማውን አጉርሰውት ነው።

እኔ ፍጥነትን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ በርሜሉን፣ ቀጥሎ እንስሳውን፣ ከዚያ ነፋሱን።

ከሁሉ በፊት ግን በቃላት እንስማማ። ካሊበር ማለት የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ነው። በተለምዶ ሁሉንም ነገር «ጥይት» እንላለን። እዚህ ግን መለየት አለብን። ጥይት ማለት ቀለሁ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከኋላ ያለችው መለኮሻና ከፊት የተሰካው ብረት አንድ ላይ ነው። ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው ያ ብረት ብቻ ነው። እሱን አረር እላለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለ አረር ነው።

እነዚህ ጠመንጃዎች በብዛት የሚውሉበት የትንንሽ እንስሳት አደንም የራሱ ስም አለው። በአሜሪካ ሰብልና ግጦሽ የሚያበላሹ፣ ጉድጓድ እየቆፈሩ መሬት የሚቦረቡሩ ትንንሽ እንስሳትን «ቫርሚንት» ይሏቸዋል። ፕሬሪ ዶግ የሚባለው ከሽኮኮ ወገን የሆነ ፍጥረት ክብደቱ አንድ ኪሎ አካባቢ ነው። ግራውንድሆግ እስከ 6 ኪሎ ይደርሳል። በግና ጥጃ የሚነጥቀው ኮዮት ደግሞ ከቀበሮ ተለቅ፣ ከተኩላ አነስ ያለ ሲሆን ከ7 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሦስቱንም «ቫርሚንት» ብሎ በአንድ ጥይት ለመምታት መነሳት የስህተቱ መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል እስከ ሃያ እጥፍ የክብደት ልዩነት አለ።

ጠመንጃዎቹም ብዙ ናቸው፤ የሚጠሩትም በሚጎርሱት ጥይት ስም ነው። የሚበዙት ግን አንድ ዓይነት አረር ይጋራሉ። .220 ስዊፍት በ1935 እ.ኤ.አ. ወጣ። .222 ሬሚንግተን በ1950 ተከተለ። .22-250 ለዓመታት በየግል ወርክሾፑ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ1965 ሬሚንግተን በፋብሪካ ደረጃ አወጣው። .223 ሬሚንግተንም በዚያው ዘመን የመጣ ነው። ስማቸው ቢለያይም ሁሉም የሚተኩሱት ውፍረቱ 0.224 ኢንች፣ ማለትም 5.7 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር ነው። ከእነሱ የቀጠኑም አሉ። .204 ሩገር በ2004 መጣ። ከሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣው .17 ኤችኤምአር ደግሞ የሚተኩሰው አረር 1.1 ግራም ገደማ ብቻ ነው።

የአረር ክብደት የሚለካው በግሬን ነው። አንድ ግራም 15.4 ግሬን ነው። ስለዚህ በዚህ ዓለም በጣም የተለመደው ባለ 55 ግሬን አረር 3.6 ግራም ይመዝናል። ለ0.224 ኢንች ውፍረት ከ35 እስከ 90 ግሬን ድረስ አረር ይገኛል። ምርጫ በዛ ማለት ነው። ደግነቱ በርሜሉ ራሱ ግማሹን ይጥልላችኋል።

እንዴት? በርሜል ውስጡ ልሙጥ አይደለም። እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች አሉት። አረሩ በነሱ ውስጥ ተገፍቶ ሲያልፍ ይሾራል። እንዝርት አስቡ። በደንብ ሲሾር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲደክም መወላገድ ይጀምራል፣ ከዚያ ይወድቃል። አረርም እንደዚያው ነው። ሽክርክሪቱ ካነሰው በአየር ላይ ይንገዳገዳል፣ ሲብስም በጎኑ ይገለበጣል። ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ሞላላ፣ የአረሩን የጎን ቅርጽ የያዘ ቀዳዳ ካያችሁ የደረሰባችሁ ይኼው ነው።

የቦዮቹ ጥምዘት የሚገለጸው «በስንት ኢንች አንድ ዙር» ተብሎ ነው። የቆዩት .222፣ .220 ስዊፍትና .22-250 ጠመንጃዎች በአብዛኛው በ14 ኢንች አንድ ዙር ናቸው። .223 መጀመሪያ በ12 ኢንች ነበር የሚሠራው። ዛሬ በ9፣ በ8 እና በ7 ኢንች የሚዞሩ በሽ ናቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በርሜሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ካልተቀረጸስ? ራሳችሁ ለኩት። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ደግማችሁም እዩ። ከዚያ እጀታው እንደ ልብ የሚዞር የማጽጃ ዘንግ ላይ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ አስገቡ። ዘንጉ ላይ በአናቱ በኩል ምልክት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ግፉ። ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ወደ አናት ሲመለስ ዘንጉ ስንት ኢንች እንደገባ ለኩ። አለቀ። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ግን ይህን ሳያውቁ ጥይት እየገዙ ዓመታት የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይመጣል። ምን ያህል ሽክርክሪት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የአረሩ ክብደት ሳይሆን ርዝመቱ ነው። ሰው ሁሉ «በርሜሌ 69 ግሬን አይወድም» ይላል። የማይወደው ግን ርዝመቱን ነው። ውፍረቱ አንድ ስለሆነ ከባድ የሚሆነው በመርዘም ነው፤ ግራ መጋባቱም ከዚያ ይመጣል። አልፍሬድ ግሪንሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1879 ለመድፍ ጥይት ያወጣው ቀመር እስካሁን ለግምት ያገለግላል። ለኛ መጠንና ለፈጣን ጥይት ሲጨመቅ እንዲህ ይሆናል፦ 9ን ለአረሩ ርዝመት በኢንች አካፍሉ። 0.7 ኢንች ርዝመት ያለው፣ ኋላው ጠፍጣፋ የሆነ አረር 12.9 ይሰጣል። ስለዚህ በ12 ኢንች የሚዞር በርሜል ይበቃዋል። አንድ ኢንች የሚረዝመው ግን 9 ይላል። ያንን በ12 በርሜል መተኮስ ገንዘብ መበተን ነው።

ቀመሩ ሸካራ ነው። ጫፋቸው ፕላስቲክ የሆኑት ላይ ይበልጥ ይዛነፋል። ፕላስቲኩ ርዝመት እንጂ ክብደት ብዙም ስለማይጨምር ቀመሩ ከሚገባው በላይ ያስፈራራል። ለቁንጽል ግምት ግን ጥሩ ነው። በጥቅሉ የ14 በርሜል ያለው ሰው 55 ግሬንና ከዚያ በታች ላይ ይቆይ። የ12 ባለቤትም እዚያው አካባቢ ነው። በ9 እስከ 69 ግሬን፣ አንዳንዴም ትንሽ ከፍ ማለት ይቻላል። በ8 እና በ7 አብዛኞቹ ረጃጅሞች ይገባሉ።

«ታዲያ በፈጣን በርሜል ቀላሉንም ከባዱንም መተኮስ አይቻልም?» ትሉ ይሆናል። በአብዛኛው ይቻላል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። በሰከንድ 975 ሜትር የሚወጣ አረር በ12 ኢንች በርሜል በደቂቃ 192,000 ጊዜ ይሾራል። በ7 ኢንች በርሜል ያው አረር 329,000 ይደርሳል። ለትንንሽ እንስሳት ተብለው የተሠሩ አንዳንድ አረሮች ልባሳቸው፣ ማለትም እርሳሱን የሸፈነው መዳብ፣ ስስ ነው። እንዲህ ሲሾሩ ዒላማው ጋ ሳይደርሱ አየር ላይ ይበተናሉ። ተኳሹ የሚያየው ነገር ወረቀቱ ላይ ምንም ቀዳዳ አለመኖሩን ነው። አንዳንዴ በመንገዱ ላይ ግራጫ ጭስ የመሰለ ጭረት ይታያል። ስለዚህ አምራቾች ለነዚህ ስስ አረሮች የፍጥነት ጣሪያ ያስቀምጡላቸዋል። ያንን ጽሑፍ አንብቡት፤ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም።

በርሜሉ የሚችለውን ካወቅን በኋላ ጥያቄው ይቀየራል፦ አረሩ ሲደርስ ምን እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው?

ለአንድ ኪሎ እንስሳ መልሱ ቀላል ነው። እንደነካ መፈረካከስ አለበት። እንስሳው ሳይሰቃይ ባለበት እንዲቀር ጉልበቱ በሙሉ እዚያው ማለቅ አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከእንስሳው ጀርባ ያለው መሬት ነው። ይህ አደን ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ሜዳ ላይ፣ እርሻና ከብት ባለበት አካባቢ ነው። ተኳሽ ይስታል። የሳተ አረር ድንጋይ ላይ ነጥሮ የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። የሚፈረካከስ አረር ግን መሬት ሲነካ ወደ ብናኝነት ይቀርባል። የመንጠር ዕድሉ በጣም ያንሳል። ዜሮ ግን አይሆንም፤ ስለዚህ ከዒላማው ጀርባ አፈር ከሌለ ምላጩን አለመንካት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት ይገለበጣል። ብዙ ሰው ትንሿ .22 ሎንግ ራይፍል ቀርፋፋ ስለሆነች ከሁሉ ደህና ናት ብሎ ያምናል። ዝግ የምትል፣ ጠንከር ያለች፣ የማትሰበር የእርሳስ አረር ነው የምትተኩሰው። ስለዚህ መሬት ነክታ ትነጥራለች። ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይም መጓዝ ትችላለች። ፈጣኑና ሚዛኑ ቀላል የሆነው የ.223 አረር ያስፈራል እንጂ መሬት ሲነካ ከእሷ የተሻለ ጠባይ አለው።

የአረር ዓይነቶቹን እንመልከት። አንደኛው ጫፉ ቀዳዳ ያለው ነው። ሲመታ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ነገር አረሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው ጫፉ ላይ ለስላሳ እርሳስ ወጣ ያለበት ነው። ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ሦስተኛው ጫፉ ላይ ሹል ፕላስቲክ የተተከለበት ነው። የሆርናዲ ቪ-ማክስ፣ የሴራ ብሊትዝኪንግ፣ የኖዝለር ባለስቲክ ቲፕ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ፕላስቲኩ ሁለት ሥራ አለው። ሲበር አየሩን ይሰነጥቃል። ሲመታ ደግሞ እንደ ሽብልቅ ወደ ኋላ ይገፋና አረሩን ይፈነክተዋል። አንዱን ምረጥ ብባል እኔ የምመርጠው እነዚህን ነው። ጫፋቸው አይጨፈለቅም፣ ርቀት ላይም ጥሩ ይከፈታሉ።

አራተኛው ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተለበሰው የወታደር ዓይነት ነው። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ትንሽ እንስሳን በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። አረሩም ጉዞውን ይቀጥላል። ለልምምድ፣ ጥሩ መከላከያ ክምር ባለበት ቦታ ተኩሱት፤ ለአደን ተዉት። እግረ መንገዴን፦ 5.56 የተባለው የወታደር ጥይት ከ.223 ጋር መንትያ ቢመስልም ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። በርሜሉ ላይ .223 ብቻ ከተጻፈ .223 ብቻ አጉርሱ።

ኮዮት ጋ ስንመጣ ታሪኩ ይለወጣል። ለፕሬሪ ዶግ የተመረጠው ስስ አረር ኮዮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ገና ቆዳውና ጡንቻው ላይ ይፈነዳል። ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ቁስል ይተዋል። እንስሳው ሮጦ ይጠፋል፣ ቀናት ይሰቃያል። ለሱ ልባሱ ወፈር ያለ፣ ከ50 እስከ 60 ግሬን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አረር ያስፈልጋል። ጥቂት ጥልቀት ሄዶ ልብና ሳንባ ጋ መድረስ አለበት። ቆዳውን ለመሸጥ የሚያድኑ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለባቸው። ገብቶ የማይወጣ አረር ይፈልጋሉ፤ ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ቆዳውን ያበላሻልና። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ከ.17 ካሊበር ጋር የሙጥኝ ያሉት።

ነፋስ። እዚህ ላይ ነው «ፈጣን ይሻላል» የሚለው እምነት በደንብ የሚፈተነው።

አንድ ምሳሌ በግምት አስልቼላችኋለሁ። ርቀቱ 300 ያርድ፣ ማለትም 274 ሜትር ይሁን። ነፋሱ ከጎን በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ይንፈስ። ባለ 40 ግሬን አረር በሰከንድ 1,130 ሜትር ይነሳ። ባለ 55 ግሬኑ በ990 ይነሳ። ረጅምና ሹል የሆነ ባለ 75 ግሬን ደግሞ በ850 ይነሳ። ቀላሉ በ0.31 ሰከንድ ይደርሳል። 55ቱ 0.34 ይፈጅበታል። ከባዱ 0.37። ታዲያ ማን ነው ብዙ የሚገፋው? ቀላሉ 31 ሳንቲ ሜትር፣ መካከለኛው 28፣ ከባዱ 20 ብቻ። አየር ላይ ከሁሉ ረጅም ጊዜ የቆየው ከሁሉ ትንሽ ተገፋ።

ምስጢሩ ምንድን ነው? ነፋስ የሚገፋው በጠቅላላው የበረራ ጊዜ ልክ አይደለም። አረሩ በአየር ግጭት ባባከነው ጊዜ ልክ ነው። አየር ባይኖር ኖሮ ቀላሉ በ0.24 ሰከንድ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ወደ 0.07 ሰከንድ ባክኖበታል። ከባዱ ያባከነው 0.046 ገደማ ነው። አየሩን ሰንጥቆ የማለፍ ችሎታው ይበልጣል። ይህ ችሎታ በካርቶኑ ላይ «ባለስቲክ ኮኤፊሸንት» በሚባል ቁጥር ይጻፋል። ከፍ ሲል ይሻላል። ርቀት ላይ ለሚተኩስ ሰው ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

ግን ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩአቸው። በ40 እና በ55 መካከል ያለው ልዩነት 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀላሉ በፍጥነቱ ጉድለቱን ሊሸፍን ተቃርቧል። ስለዚህ ከ200 ሜትር በታች የሚተኩስ ሰው በ40 ግሬን ቢደሰት አልፈርድበትም። መሄጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ጠመንጃው ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ለስላሳ ነው፣ ሲመታም በደንብ ይፈረካከሳል። ከባዱ ነፋሱን ቢቋቋምም ቶሎ ዝቅ ይላል። ብቻ መውረዱ ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ በጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ማስተካከል ይቻላል። ነፋስ ግን በየደቂቃው ፀባዩን ይለውጣል። ከ300 ሜትር ወዲያ የሚያስቡ ሰዎች ወደ ከባዱ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። በርሜላቸው ከፈቀደ።

የአረሩን መቀመጫ በተመለከተ አጭር ነገር። ከኋላው ጠበብ እያለ የሚሄድ አለ፣ ጠፍጣፋ የሆነ አለ። ጠበብ ያለው ርቀት ላይ ይጠቅማል። ጠፍጣፋው ግን አጠር ስለሚል ቀስ ብለው ለሚዞሩ በርሜሎች ይስማማል። በ200 ሜትር ልዩነቱን የሚያስተውል ሰው ካለ ዓይኑን አደንቃለሁ።

አሁን የእርሳስን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የሚፈረካከስ አረር ጥሩነቱ ራሱ ጉዳት ያመጣል። ሜዳ ላይ በቀረው ሬሳ ውስጥ የእርሳስ ብናኝ ይተዋል። ያንን ሬሳ ጥንብ አንሳና ንስር ይበሉታል፣ ይመረዛሉ። በጣም የሚታወቀው ምሳሌ የካሊፎርኒያ ኮንዶር ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ የቀሩት 27 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ለማዳን ተብለው ወደ ማራቢያ ገብተው ነበር። ከተለቀቁ በኋላም ዋነኛ ገዳያቸው የእርሳስ መመረዝ ሆነ። ካሊፎርኒያ በ2013 ሕግ አወጣች። ከሐምሌ መጀመሪያ 2019 ጀምሮ በግዛቷ በእርሳስ ጥይት ማደን ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል።

ስለዚህ እርሳስ የሌላቸው የሚፈረካከሱ አረሮች ተሠርተዋል። አንዳንዶቹ በተጨመቀ የመዳብና የቲን ዱቄት የተሞሉ ናቸው። በርሜላችሁን ግን አትርሱ። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል። ስለዚህ ያው ክብደት ያለው አረር ይረዝማል። ርዝመት ደግሞ ሽክርክሪት ይጠይቃል። በ14 ኢንች በርሜል ላይ 55 ግሬን የእርሳስ አረር ሲተኩስ የኖረ ሰው 55 ግሬን የመዳብ አረር ገዝቶ ወረቀት ላይ ሞላላ ቀዳዳ ቢያገኝ አይደነቅ። ወደ 35 ወይም 40 ግሬን ዝቅ ማለት ነው ያለበት።

ምርጫው እስከዚህ ከጠበበ በኋላ የቀረውን በርሜሉ ራሱ ይናገራል። አንድ ዓይነት ሁለት ጠመንጃዎች፣ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው፣ የተለያየ አረር ይወዳሉ። ለምን ቢባል የውስጣቸው ጥቃቅን ልዩነት ነው፤ አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ጥይት አንድ አንድ ካርቶን ግዙ። በ100 ሜትር ላይ ተደግፋችሁ አምስት አምስት ተኩሱ። ሌላ ቀን ድገሙት። ሦስት ጥይት ተኩሶ «ተነባብሮ ገባ!» ብሎ ፎቶ ማንሳት ደስ ይላል፤ ግን ሦስት ጥይት ማንንም ሊሸውድ ይችላል። አምስት ጥይቶች ከ3 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ክብ ውስጥ ደጋግመው ከገቡ በ300 ሜትር ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ያ የፕሬሪ ዶግ ወርድ ያህል ነው። ከዚህ የሰፋ ከሆነ ወይ ጥይቱን ቀይሩ፣ ወይ ርቀቱን ቀንሱ።

በየአምስቱ መሃል በርሜሉ ይቀዝቅዝ። በጣም ፈጣን ጥይቶች በርሜሉን ከጉሮሮው፣ ማለትም ቦዮቹ ከሚጀምሩበት፣ በኩል ይበሉታል፤ .220 ስዊፍት በዚህ ስሙ የጠፋው ሳያቋርጡ እያጋሉ ስለሚተኩሱበትም ጭምር ነው። በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል በርሜል ጥይቶቹ የሚያርፉበትንም ክብ ያሰፋል፣ ፈተናችሁንም ውሸት ያደርገዋል።

የሚስማማው ሲገኝ ካርቶኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የምርት ቁጥር መዝግቡ። ያው ስም፣ ያው ክብደት የተጻፈበት ካርቶን በሌላ ጊዜ ተመርቶ ከሆነ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ከተቻለ ያንኑ ቁጥር የያዘውን ጠርቀም አድርጋችሁ ግዙ። አዲስ ቁጥር ስትጀምሩ ደግሞ አምስት ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሳችሁ መነጽሩን አስተካክሉ።